በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ

ሚስቴን ሰፈሩ «እመት አንሶላ» ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን እስካሁን የምትጠረጥረው ጎረቤቶቹን ነው። ቤታችን ውስጥ ያለ ነጭ አንሶላ ሁሉ መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ጠዋት ስነቃ አንድ እግሬን በቀዳዳው ወጥቶ አገኘዋለሁ።

ቀዳዳው በከንቱ አልተቀደደም። የሚያብረቀርቅ ዕቃ ፎቶ ማንሳት እንደ ሰው ፎቶ ማንሳት አይደለም። ሰው ቢያንስ የራሱን መልክ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ማንቆርቆሪያ ግን ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፤ መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ካሜራውን፣ ካሜራውን የያዘችውን ሴት ከነብስጭቷ። ስለዚህ ሚስቴ ጠረጴዛውን በአንሶላ ትከብባለች፣ ከአንሶላው ጀርባ ትቆማለች፣ የካሜራውን አፍ ብቻ በቀዳዳው ታስገባለች። ያኔ ዕቃው ከነጭ በቀር የሚያሳየው ነገር ያጣል።

ሃያ ዓመት ፎቶ ቤት ሠርታለች። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ከከተማው ማዶ ያለ ሌላ ፎቶ ቤት ጠርቷት ነበር፤ እምቢ አለች። ምክንያቷ አባቷ ናቸው። አማቼ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ባለፈው ዓመት ሁለታችንም ሥራ ላይ ሳለን መታጠቢያ ቤት ወድቀው ግማሽ ቀን ወለሉ ላይ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ብቻቸውን አልተዋቸውም ብላ ማለች። የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴዋ «ለካታሎግ የሚሆን ፎቶ ቤትሽ ሆነሽ ታነሺልኛለሽ?» ስትላት ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰቻትም። ስምምነቱ አጭር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አርባ ዕቃዎች ካማሩ ሥራው ቋሚ ይሆናል፤ ካላማሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

«ብቻ» አለች ነጋዴዋ ጣቷን ቀስራ፣ «ድስቴ ላይ የማንንም ፊት ማየት አልፈልግም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን እረፍት አጣ። ሚስቴ ቁጭ ማለት ተሳናት። አንዱን ድስት ሠላሳ ጊዜ ታነሳዋለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ አጉልታ ታየዋለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እንደገና ትነሳለች። መጋረጃውን ትዘጋለች፣ ትከፍታለች፣ ደመና ሲመጣ ደመናውን ትቆጣለች። የጣት አሻራ ፍለጋ ማንኪያ ላይ እፍ እያለች ትወለውላለች። እኔን ቀይ ሹራቤን አስወለቀችኝ፤ ክዳኑ ላይ ቲማቲም መስለሃል አለች። የግድግዳውን ሰዓት አወረደችው፤ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ» ትለኛለች። የእሷ መቁነጥነጥ ወደ እኔም ተጋብቶ ምሳዬን ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

ሁሉም ነገር ተለቃቅሞ ከወጣ በኋላ አንድ ጥቁር ነጥብ ቀረ። ሁልጊዜ ማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ፣ በስተቀኝ። ሚስቴ ሁለት ቀን ፈለገችው። በሦስተኛው ቀን አጉልታ፣ አጉልታ ስታየው ነጥቡ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ ሰው ሆኖ ተገኘ።

«አባባ ናቸው» አለች። «በአንሶላዎቹ መጋጠሚያ ገብተው ማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ተቀምጠዋል።»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። መጋጠሚያው ግን ብርሃን የሚገባበት ስለሆነ አይዘጋም። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መንገዱን እያዩ እዚያ ይውላሉ፤ ስለሚበርዳቸው ኮቱን አያወልቁም። ሚስቴ «አባባ፣ ለትንሽ ጊዜ ወዲያ ጥግ ይሁኑልኝ» አለቻቸው። ጥጉ ትሪው ላይ ታየ። በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ በሩም ጭልፋው ላይ መጣ። ወጥ ቤት ገቡ፣ መኝታ ቤትም ሞከሩ፤ እዚያ ደግሞ ሲነሱ ሲቀመጡ የጣውላው ወለል እየተነቃነቀ ፎቶው ይደበዝዛል።

«አባባ» አለች አንድ ቀን ከአንሶላው ጀርባ፣ «አንድ ቦታ አርፈው መቀመጥ ያቅትዎታል እንዴ?»

ክፉ ሰው አይደለችም። ያን ሰሞን ግን ዓይኗ አባቷን ማየት ትቶ ነጥቡን ብቻ ነበር የሚያየው። እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በማግስቱ ጠዋት አማቼ ከዘራቸውን ይዘው «አንድ ጓደኛ አግኝቻለሁ፣ እሱ ዘንድ ልጫወት» ብለው ወጡ። ከዚያ በየቀኑ ይወጡ ጀመር። ለምሳ ብቅ ይሉና ጎረስ ጎረስ አድርገው ይመለሳሉ። ሚስቴ ደስ አላት፤ እግራቸው መፍታታቱ ጥሩ ነው አለች። ፎቶዎቹም ጠሩ።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በሦስተኛው ቀን ከቤታችን ጀርባ ያለው ፌርማታ ላይ ሳቆም አማቼ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው በጉልበታቸው መሃል ነው። በሩን ከፈትኩላቸው። ሂድ ሂድ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። በሁለተኛው ዙር ስመለስ እዚያው ናቸው። በሦስተኛው ወረድኩ።

«አባባ፣ ጓደኛዎ የታል?»

«አንተ ነሃ» አሉኝ። «በየአርባ ደቂቃው ትመጣ የለ?»

ቀልድ ሊያስመስሉት ሞከሩ፤ እኔን ግን አንጀቴን በሉት። ለእሷ እንዳልናገር አስማሉኝ፤ አርባው ዕቃ እስኪያልቅ ብቻ ነው አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን ስምንት ጊዜ አማቼን እያየሁ አለፍኩ። ቤት ስገባ የሚስቴን ዓይን ማየት ከበደኝ። ዝናብ የጣለ ቀንም እዚያው አግዳሚው ላይ ነበሩ።

አርባው ፎቶ ተላከ። ሚስቴ ግን ስህተት ቢገኝብኝስ ብላ አሁንም እያነሳች ነበር። በማግስቱ አማቼ ቀድመው በልተው ወጥተው፣ እኔ ምሳ ላይ ሳለሁ ነጋዴዋ ደወለች። ሚስቴ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አንቺ ሴት፣ እጅሽ ይባረክ» አለች ነጋዴዋ። «እንዴት ነው ያማረው! ቤትሽ ውስጥ ሰው የሚኖር እኮ አይመስልም። ሰኞ ሌላ ስልሳ ዕቃ እልክልሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ነው።»

ሚስቴ ስልኩን አስቀምጣ ከስንት ጊዜ በኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ተሳካ» አለች። «ከእንግዲህ አባባን ጥዬ የትም አልሄድም።»

ከአፌ አመለጠኝ። «እሳቸው ግን ሄደዋል» አልኩ። ፌርማታውን፣ ስምንቱን ዙር፣ ዝናቡን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ተናድጄ ነበር፤ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። በቤት ጫማዋ፣ መወልወያ ጨርቁን እንደያዘች ወጣች። የከሰዓት ተራዬም ከዚያው ስለሚጀምር ተከተልኳት።

አማቼ ሲያዩን ደንግጠው ሊነሱ ሞከሩ። «ምነው፣ ተሰበረ?» አሉ። ስለ ዕቃው ነው።

«ምንም አልተሰበረም» አለች ሚስቴ አጠገባቸው እየተቀመጠች። «አባባ፣ ይህን ሥራ የያዝኩት እኮ ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው የወጣሁት። ወደዱልሽ?»

«ወደዱት። ሰኞ ስልሳ ይመጣል።»

«ስልሳ» አሉና በጣታቸው የሆነ ነገር ቆጠሩ፤ ቀኑን መሰለኝ። «እሺ። ብርዱ ሳይከፋ ያልቃል።»

ያኔ ነው ሚስቴ ያለቀሰችው። በመወልወያው ጨርቅ ፊቷን ጠራርጋ ክንዳቸውን ያዘች። «ይነሱ፣ እንግባ። ከዛሬ በኋላ እዚህ አይቀመጡም።»

«መግባቱንስ እገባለሁ ልጄ» አሉ። «ታዲያ የት ልቀመጥ?»

ቅሬታ አልነበራቸውም። የሚቀመጡበትን ለማወቅ ብቻ ነበር የጠየቁት። እያንዳንዷ ማንኪያ ወዴት ዞራ እንደምትቀመጥ አብጠርጥራ የምታውቀው ሚስቴ መስኮቱን፣ ጥጉን፣ በሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ መኝታ ቤቱን በጣቷ ቆጥራ ጨረሰች። አውቶቡሱ መጣ፤ ከሥራ ባልደረባዬ መሪውን ተረክቤ ስነሳ በጎን መስታወቱ አየኋቸው። ሁለቱም እንደተቀመጡ ነበሩ።