የጀማል ዶሮ

ባለፈው ቅዳሜ ጀማል ደወለልኝ። ደውሎ ሰላምታ የሚያስቀድም ሰው አይደለም።

«ተፌ፣ ጫማህን አድርግ። ሞርስ ሮድ ላይ የማሌዢያ ምግብ ቤት ተከፍቷል።»

«ማን ነገረህ?»

«አፍንጫዬ ነዋ! ልጄ ጎማ ሲያስቀይር አጠገቡ ቆሜ ሸተተኝ። ሐናን ራይድ ስጪን በላት።»

ሐና የልጄ ልጅ ናት። እዚህ ስደት አገር፣ እኔ ከግሮቭ ሲቲው ዌርሃውስ የዕቃ መጋዘን ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መኪና መንዳት ትቻለሁ፤ ጀማልም ዓይኑ ሲደክም ታክሲውን ሸጧል። ስለዚህ የሁለት ሽማግሌዎች ሹፌር እሷ ሆናለች። ጀማልን ዋይትሆል ካለው ቤቱ አነሳነውና ሄድን። የምግብ ቤቱን በር ስንከፍት የኮኮናት ወተት፣ የቃሪያና የዓሣ ጭስ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለን። ጀማል ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ። ምን ትዝ እንዳለው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ያኔ ሁለታችንም ጢማችን ገና ያጎነቆለ ነበር። ከአሰብ በሚነሳ የጭነት መርከብ ላይ እንሠራ ነበር፤ እሱ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሞተር ክፍል፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት ላጭና ሳህን አጣቢ። ወደ ሩቅ ምሥራቅ ስንሄድ የመጀመሪያችን ነው። በዚያ ጉዞ ከመርከቡ ሠራተኞች መካከል ሙስሊም እሱ ብቻ ነበር። ሥጋችን ደግሞ ከአሰብ ስንነሳ በክርስቲያን እጅ ታርዶ ማቀዝቀዣ የገባ ስለሆነ ጀማል አይቀምሰውም። ሌላው ጥብሱን ሲቆረጥም እኔ ለእሱ ምስር አቀርባለሁ። ማግስቱንም ምስር። እሱ አይነጫነጭም፤ «እኔና ምስር እኮ ዘመድ ሆንን» እያለ ይስቃል። ብቻ ማታ ማታ የእናቱን ዶሮ ወጥ ያወራል፤ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚቁላላ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ። ሳህኑን የማቀርበው እኔ ነኝና አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ማሌዢያ ደረስን። ትንሽ ወደብ ናት፤ ስሟን ያኔም በትክክል ጠርቼው አላውቅም። አገሩ የሙስሊም አገር ነው ሲባል ጀማል ጠዋት ተነስቶ ጢሙን ተላጨ፣ የክት ሸሚዙን ለበሰ። ሙሽራ እንጂ ዶሮ ሊበላ የሚሄድ ሰው አይመስልም። አለቃችን ከመሰላሉ ጫፍ ቆሞ፣ «እስከ አሥር ሰዓት ተመለሱ፤ ሲመሽ እንነሳለን። የቀረ ይቀራል!» አለን።

ወደቡ ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ጠዋት ያመጣውን ዓሣ ሸጦ መረቡን ይጠቀልላል። ጀማል «አሰላሙ ዓለይኩም» አለው፤ ሽማግሌውም ፊቱ በርቶ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ቋንቋ አለቀብን። ጀማል ሁለት ክርኑን እንደ ክንፍ እያራገበ መጮህ ጀመረ። ልክ እንደ አውራ ዶሮ! ሽማግሌው እስኪያስለው ድረስ ሳቀና ወደ ጀልባው ጠቆመን። እኛም ምኑንም ሳንጠይቅ ዘለን ገባን። ወጣትነት እንግዲህ ይኼ ነው።

ጀልባዋ ሥሮቻቸው ከውሃው በላይ በሚታዩ ዛፎች መካከል እየተሽሎከለከች ረጅም እንጨቶች ላይ ወደተሠራ ቤት አደረሰችን። የሽማግሌው ሚስት ፈገግታ የማይለያት አጭር ሴት ነበረች። አውራ ዶሮ ተያዘ፣ ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብሎ አረደው፤ ጀማል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወጥ ቤት የለመደ እጅ አያርፍምና ላባውን የነጨሁት እኔ ነኝ። ዶሮው ግን የሙስሊም ነው፣ ለእኔ አይሆንም። ጀማልም ይህን ስለሚያውቅ ቅመስ አላለኝም።

ዶሮው በኮኮናት ወተት እየፈላ ሳለ ሴትዮዋ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ከፍም ላይ አንስታ አቀረበችልን፤ እኛ ዳቦ በኮባ እንደምንጋግረው ማለት ነው። ዓሣ መቼም ሃይማኖት አይለይም። «ማካን» አለች፤ ብሉ ማለቷ ነው። በእጃችን በላን፣ እነሱም በእጃቸው። ከመርከቡ ሹካ በኋላ ጣቶቼ ከእስር የተፈቱ መሰለኝ። የሁመር ፍሬው ኮምጣጣነትና የቃሪያው ማቃጠል እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

ቀና ብዬ በመስኮቱ ሳይ ባሕሩ የለም። ጀልባዋ ጭቃ ላይ በጎኗ ተኝታለች። አሰብ ላይ ውሃው ትንሽ ሸሸት ቢል ነው እንጂ እንዲህ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ አይተን አናውቅም። ጀማል እየጮኸ ወርዶ ጀልባዋን ሊገፋ ሮጠ፤ እስከ ጭኑ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሽማግሌውና እኔ በገመድ ስንጎትተው አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ሽማግሌው ወደ ፀሐይዋ ጠቆመን፣ የሚመለስ ውሃ በእጁ ሣለልን፣ ከዚያ ወለሉን መታ መታ አድርጎ «ማካን» አለ።

ዶሮው ቀረበ። ጀማል ግን አልነካውም።

«ለሆዴ ብዬ እንጀራህን አሳጣሁህ፣ ተፌ። መርከቡ ጥሎን ይሄዳል።»

እኔም ፈርቻለሁ፤ አገሩ የሰው፣ ኪሳችን ባዶ። ግን ያ ሁሉ ምስር ትዝ አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ላባውን በከንቱ ነው የነጨሁት?» አልኩና ከዶሮው ቆርሼ፣ በሩዝ ጠቅልዬ አጎረስኩት። እኔ የማልበላውን፣ በእጄ። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። ከዚያ በዓሣ መለሰልኝ። ሴትዮዋ እያጨበጨበች ሳቀችና እሷም ባሏን አጎረሰች፤ ሽማግሌው እንደ ልጃገረድ አፈረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ቀስ እያለ ተመለሰ። ጀልባዋ ከጭቃው ስትነሳ ዘለን ገባን። ወደቡ ስንደርስ መርከቡ እንደታሰረ ቆሟል። ለካ እሱም ለመውጣት የሚጠብቀው ያንኑ ውሃ ኖሯል! ሽማግሌው ያልተጣደፈው ለዚህ ነበር። አለቃችን በአንድ ጫማ የቆመውን ጀማልን አይቶ ሳቁን መያዝ ስላቃተው ፊቱን አዞረ። ቅጣታችን ግን አልቀረም፤ እስከ ቀጣዩ ወደብ ድረስ ሽንት ቤት አጠብን፣ እየዘፈንን።

ሞርስ ሮድ ላይ ምግቡ መጣ። እንደ ወትሯችን ዓሣው ወደ እኔ፣ ዶሮው ወደ ጀማል ዞረ። ሐና ስልኳን አየች።

«አያቴ፣ አይ ሃቭ ወርክ አት ፎር። ዊ ጎታ ጎ።» አሥር ሰዓት ሥራ እገባለሁ፣ እንሂድ ማለቷ ነው።

ጀማል ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «ማካን!»

«ዋት?»

«ብዪ ማለት ነው። ውሃው ይመለሳል።»

ምኑም አልገባትም፤ ግን ሳቀችና ስልኳን አስቀመጠች። ከእኔ ዓሣ ቆረሰች፣ ከጀማል ዶሮ ቆረሰች፣ ሁለቱን በሩዝ አንድ ላይ ጠቅልላ ጎረሰች። «ሶ ጉድ!» አለችና ሌላ ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች።

ጀማል ማኘኩን አቆመ። ይህን ሁሉ ዘመን በየሠርጉና በየለቅሶው የእሱን ድስት እሱ፣ የእኔን ድስት እኔ ስንበላ ኖረናል፤ ማንም ተከፍቶ አያውቅም። የልጅቷ እጅ ግን አፌ አጠገብ ነው፣ መረቁ በጣቷ ይወርዳል። የልጅ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አፌን ከፈትኩ። ጀማል ሳቁ ምግብ ቤቱን ሞላው፣ እንባውን በመሐረብ ጠረገ። እኔም ላባውን የነጨሁት ዶሮ ምን ምን ይል እንደነበር በስተርጅና አወቅሁ።