የእናቴ ቋጠሮ

ዛሬ ወልቂጤ ገበያ የእንሰት ቃጫ ሲሸተኝ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ለሂሳብ ትምህርት ጭራሮ አሥር አሥር አድርገን አስረን እንድንመጣ ታዘን ነበር። የኔን እናቴ ለገበያ ካዘጋጀችው ቃጫ መዝዛ አሰረችልኝ። አስተማሪያችን ጋሽ ተሰማ ጠሩኝና ከፎቶግራፉ ሥር አቁመው፣ "ከሃያ ሦስት ላይ ሰባት ቀንሺ። ከቻልሽ ደብል መትተሽ ሁለተኛ ክፍል ትገቢያለሽ" አሉኝ።

"አሥራ ስድስት።"

"በአፍ አይደለም። አንዱን አሥር ፈትተሽ አሳዪኝ።"

ብጎትተው ቋጠሮው ባሰበት። በጥርሴም ሞከርኩ።

"እናቷ የአህያ ጭነት መስሏት ነው" አለ ከኋላ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጋሽ ተሰማ ሰንጢ አወጡ።

"አይቆረጥ፣ ጋሼ። እናቴ ቃጫውን መልሺልኝ ብላለች።"

ሰንጢውን አጠፉት። "ልጄ፣ አሥር የሚታሰረው ሊፈታም ነው። ደብሉ ለከርሞ ይሁን" አሉ።

ቤት ስገባ እናቴ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ በሁለት ጣቷ ፈታችው።

ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ከገበያ ስንመለስ እናቴ ያልተሸጠውን ቃጫ አስራ አሸከመችኝ። መንገድ ላይ ቋጠሮውን ስነካካ አየችኝና፣ "ተዪው፣ ይጠብቅብሻል" አለችኝ።