በበዓለ ሃምሳ የጾምናት ረቡዕ

ከጉልቴ አንስተው ያስገቡኝ የቀበሌ እስር ቤት ድሮ የአንድ ሀብታም የቆዳ መጋዘን ነበር። ግድግዳው በግ በግ ይሸታል። የደብረ ብርሃን ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ እግር ይበላል። መቀመጥ አልሆነልኝም። ከበር እስከ ግድግዳ ስመላለስ ሴቶቹ፣ "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አዞርሽን!" ይሉኛል።

ብርዱ መስሏቸው። ያላስቀመጠችኝ ጥጉ ላይ ኩርምት ያለችው ሴት ናት። የአሊዩ አምባ ደንበኛዬ ነበረች። እሷ ጤፉን በበርበሬ ሸፍና በአህያ ዳገቱን ታወጣለች፤ እኔ በጣሳ እቸረችራለሁ። ያኔ እህል ያለ ፈቃድ ኬላ ማሳለፍ ወንጀል ነው። ቅዳሜ፣ "ጤፍ የምታመጣው እስላሟ ነጋዴ የታለች?" እያሉ ገበያውን ሲያፍሱ እሷም ከእኛ ጋር ታፈሰች። ስሟን ሲጠይቋት የክርስቲያን ስም ሰጠች፤ ነጠላዋንም እንደኛ አጣፋች። ከታወቀች ወደ ትልቁ ወህኒ ነው የምትሄደው፤ ከዚያ የተመለሰ አላየንም። ትውውቃችን እንዳይጋለጥ አራት ቀን ሙሉ ሰላምታ እንኳ ተነፋፈግን።

ረቡዕ ዕለት እህቴ ምንቸት አብሽ ላከችልኝ። ጠባቂያችን ወጣት የአብዮት ጥበቃ ነበረች፤ ሳህኑን ተቀብላ ለእኔ አልሰጠችኝም። ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ ሄደችና ጠቅልላ ወደ ደንበኛዬ አፍ ዘረጋች።

"ጉረሺ እስቲ እትዬ፣ በሞቴ።" ዓይኗ ግን አይለምንም፤ ይፈትናል።

ደንበኛዬ ጉርሻውን አየችው። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ስንት ገበያ አብረን ስንቅ ስንፈታ ሽሮዬን እንጂ ሥጋዬን ነክታ አታውቅም።

"ተዪ!" አልኩ ሳላስበው። "ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነን።"

ልጅቷ ዞረች። "በበዓለ ሃምሳ? ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ገና ሁለተኛ ሳምንታችን!"

ክው አልኩ። ፊደል ባልቆጥርም ጾም ስቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሳትኩ።

ከመሃል አንዲት አሮጊት ጠላ ሻጭ ሳቀች። "ጉድ ነው! ጓድ፣ ሃይማኖት ቀረ ብለሽ በስብሰባ አስጨበጨብሽን፤ ሃምሳውን ግን ትቆጥሪያለሽ ለካ! የቀበሌው ሊቀ መንበር ያውቃል?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። የልጅቷ ፊት ቀላ። ጉርሻውን መልሳ ሳህኑ ላይ ጣለች።

"እሺ፣ እናያለን" አለች። "አንዳችሁ ብትነካው ዋሽታችኋል።" ሳህኑን መሃላችን አስቀምጣ በሩ ላይ ተቀመጠች።

"ስለት አለብን" አለች ጠላ ሻጯ። ስምንት ሴት ነበርን፣ ሁላችንም የራበን። ለማን ብለው እንደሚጾሙ አንዷም አልጠየቀችም። አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። እኔ እመላለሳለሁ፤ በሳህኑ ዙሪያ። ሲመሻሽ ቅቤው ነጭ ሆኖ ረጋ፤ ልጅቷም አነሳችው።

የሚፈልጓትን ሲያጡ ቅዳሜ ለቀቁን። ደንበኛዬ ከተማውን እስክንወጣ እንደማታውቀኝ ሆና ከኋላዬ መጣች። ከዚያ እጄን ያዘች።

"እንደምን ሰነበትሽ፣ እህቴ?"

ዛሬም ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው ረቡዕ ሲመጣ ሥጋ አልነካም። የንስሐ አባቴ፣ "በሃምሳ መጾም ክልክል ነው፣ ስንቴ ልንገርሽ?" ብለው ይቆጣሉ። "እሺ አባቴ" እላለሁ፤ ሳህኑን ግን ወደ ልጆቹ እገፋለሁ።