ጎርጠብን ሳይወቅጡ ያሳዩን እማሆይ ወለተ ተክሌ

እማሆይ ወለተ ተክሌ ባለፈው ሳምንት በሞጣ ዐርፈው፣ ሲያገለግሉበት በኖሩት ደብር ተቀብረዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ መርዶውን የማደርሰው እኔ ቅጠል ለይቼ እንዳውቅ ያስተማሩኝ የመንፈስ ልጃቸው ነኝ። ኀዘኔ ግን ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ከቀብሩ የተመለስኩት ያየሁትን ልጽፍ ቆርጬ ነው።

ባገራችን መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠሉን ወቅጦ ነው የሚሰጥ፤ ሰው ካየው ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። እማሆይ ግን የቁስል ቅጠል የሆነውን ጎርጠብ ከነሥሩ ነቅለው፣ ደጃቸው ላይ ዘርግተው ለመጣው ሁሉ ያሳዩ ነበር። «ይኸ ጠባቡ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጦር የሾለ፣ ዘንጉ ሸንተረር ያለው፣ የፍሬው ራስ አጭር። ይኸ ደግሞ ሰፊው፤ ፍሬው ከዘንጉ ወገብ ጀምሮ እስከ ጫፍ የተደረደረ። ሲቆርጧቸው የሁለቱም ጅማት እንደ ክር ይሳባል፤ በዚያ እንዳትታለሉ። ሁለቱም ደግ ናቸው። ሰፊው ግን የተረገጠ መሬት ይወዳል፤ ከብት የሸናበትን ቁስል ላይ አታድርጉ» ይሉን ነበር።

ሞጣ ሳይመጡ በፊት ቢቸና ሳሉ ወንድሜን እግሩን ማጭድ ቆረጠው። ገረመው የሚባል መድኃኒተኛ የተወቀጠ ጎርጠብ አሰረለት። ውሎ አድሮ ቤቱ ሸተተ፤ እማሆይን ጠራን፤ ገረመውም መጣ። ጨርቁን ሲፈቱት ሽታው እኛን ወደ ደጅ አባረረን፤ እርሳቸው አፍንጫቸውን እንኳ አልያዙም። ከመግሉ ውስጥ ያልደቀቀ የፍሬ ዘንግ አወጡና ለሁላችንም አሳዩን። ረጅም ነው፤ ፋንድያ ተጣብቆበታል።

«አንተ ገረመው፣ ይኸን የለቀምኸው ከበቅሎ ማሰሪያው ነው» አሉት።

ከዚያ ቁስሉን ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ እያጠቡ፣ ከመስክ ያመጡትን ጠባቡን እያሰሩ እግሩን አዳኑለት።

ነገሩ፣ ያ ዘንግም ከነፋንድያው፣ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ገረመው ቆሞ፣ «ቅጠሉን ላገር ሁሉ እያሳዩ ኃይሉን ያባረሩት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። ሽማግሌዎቹም «እውነቱን ነው» አሉ! ፋንድያውን በዓይናቸው አይተው ጥፋቱን ላሳዩት እናት ሰጡ። «ሥር ማሽ» የሚል የመተተኛ ስም ለጥፈው ከቢቸና አስወጧቸው። ሞጣ የገቡት እንዲያ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ ገረመው ሞጣ ድረስ መጥቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ «እኅቴ፣ አብረን የለቀምን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ አየሁት። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ግን ያለ አንጀቱም አላነሰውም። ያስወጧቸው ሽማግሌዎችም «ደግ ሰው ነበሩ» እያሉ ንፍሮ ቃሙ። ተጸየፍኋቸው። ወንድሜ በሁለት እግሩ ቆሞ ሬሳቸውን ተሸክሟል፤ ያ እግር እንዴት እንደ ዳነ ግን አንድም አፍ አልተናገረም። ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሣም ብለን እኛም ጥርሳችንን ነክሰን ዋልን።

እማሆይ፣ የገረመውን ነገር ባነሣሁ ቁጥር «ተይው ልጄ፣ እግዜር ያውቃል» ይሉኝ ነበር። እግዜር ማወቁን አልጠራጠርም፤ ቢቸና ግን እያወቀ ክዷል። ስለዚህ ከነስሙ ጻፍኩት። እናቴ፣ በሰላም ይረፉ፤ እኔ አልተውኩትም።