አባቱ ያልታወቀው የዱጉማ ልጅ

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት አገራችን ሁሉ ነገር ሞልቶላት የጎደላት አንድ መዝገበ ዕውቀት ብቻ ነበር። ጭሰኛው እኩሌታውን ምርት ለባላባቱ ሰፍሮ ሲያበቃ፣ ማታ ማታ ገለጥ አድርጎ የሚያነበው ወፍራም መጽሐፍ ያስፈልገዋል ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቢሮ አገኘ፤ ቢሮው ምንጣፍ አገኘ፤ ዕውቀቱ በኋላ ይደርሳል።

ስፖርት የሚለው ክፍል ጋ ሲደርሱ ግን ተጣሉ። ነፋስ ስልክ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከበበው የሚባል ግራ ክንፍ ተጫዋች አለ። የመሳፍንቱ ልጆች የሚጫወቱበትን ቡድን ብቻውን ሁለት ጎል አግብቶ ስላሸነፈ ጋዜጣ ስሙን ጠርቶታል። መጽሐፍ ውስጥ መግባት ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

"ወዛደር ከደጃዝማች ጋር በአንድ ጥራዝ ሊጠረዝ?" አለ አንዱ።

"የሚሰለፈው በፊደል ተራ እንጂ በማዕረግ አይደለም" አለ ሌላው።

በመጨረሻ ጸሐፊያቸውን አቶ ቸኮልን "ሂድና ሰውዬውን አይተኸው ና" ብለው ላኩት።

ሰውዬው ይህን ሁሉ አያውቅም። ከሀና ማርያም አለፍ ብሎ፣ ላፍቶ፣ በአባቱ ደጅ ላይ የቤት ልስን ጭቃ ያቦካ ነበር። ስሙም ከበበው አይደለም፤ ቱሉ ዱጉማ ነው። "ከበበው" የወጣው ከአቶ ገሠሠ አፍ ነው። ገሠሠ የፋብሪካው የሠራተኞች ኃላፊ፣ ደግሞም የኳስ ቡድኑ መሪ ነው። ቱሉ ለመጋዘን ተሸካሚነት የተቀጠረ ሰሞን ኳስ ሲመታ አየውና ጠራው።

"ስምህ ማነው?"

"ቱሉ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ኮረብታ።"

"ኮረብታ ሮጦ አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ከበበው ነህ።"

ለቡችላ እንደሚወጣ ስም አወጣለት፤ ቱሉም ስሙን ይዞ ወደ ጆንያው ተመለሰ። እንጀራ ፈላጊ ምን ይላል? ፋብሪካው የቆመበት መሬት ድሮ አባቱ የሚያርሰው ማሳ ነበር። ባላባቱ ሸጠውና ዱጉማ በሬዎቹን ነድቶ ወጣ። አባት መሬቱን በለቀቀበት ግቢ ልጅ ስሙን ለቀቀ።

የሰፈሩ፣ የላፍቶ ሰው ግን ስሙን አልለቀቀም። ጨዋታ ባለ ቁጥር አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ቱሉ! ቱሉ!" ይላል። የጋዜጠኛው ጆሮ የሚሰማው ከክቡር ትሪቡኑ የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ "ከበበው" ብሎ ይጽፋል።

እሑድ ከሰዓት ቸኮልና ገሠሠ መጡ። ውሾቹ ተያዙ። የቱሉ ሚስት ደራርቱ አረቄ ቀዳች። ሽማግሌው ዱጉማ ከመደባቸው ተነሥተው ለእንግዶቹ ቦታ ለቀቁ። ቸኮል መነጽሩን ወልውሎ ረቂቁን አነበበ፤

"ከበበው። እግር ኳስ ተጫዋች። አዲስ አበባ ተወለደ። የአባቱ ስም አልታወቀም።"

ዱጉማ መለኪያቸውን እንደያዙ ልጃቸውን አዩት።

"እንዴት አልታወቀም?" አለች ደራርቱ። "እርስዎ የተቀመጡት በአባቱ መደብ ላይ አይደለም እንዴ!"

"እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እመቤት። ጋዜጣው የአባት ስም አልጠቀሰም። እኛ ደግሞ ያለ ምንጭ አንጽፍም።"

"ምንጩ እኔ ነኛ!" አለ ቱሉ። "ቱሉ ዱጉማ እባላለሁ። ጎሎቹን ያገባሁ እኔ ነኝ።"

"ሰው ለራሱ ምንጭ አይሆንም።"

"አባቴስ?"

"ዘመድ ነው፤ ያዳላል።"

"ታዲያ ማን ይንገራችሁ? ጎሉ የገባበት በረኛ?" አለች ደራርቱ።

ገሠሠ ጉሮሮውን ጠረገ። "ስማ፣ ከበበው። መጽሐፍ ላይ ከወጣህ ከመጋዘን አውጥቼ አሠልጣኝ አደርግሃለሁ። ሸክም ቀረልህ ማለት ነው። ወረቀት ላይ የፈለጉትን ቢሉህ ምን ቸገረህ?"

ቱሉ ጆንያ ያጎበጠውን ትከሻውን ዳሰሰ። ገሠሠ ክፉ ቢሆንም ሞኝ አይደለም፤ የት እንደሚያም ያውቃል። ልመልስ ሲል ዱጉማ ቀደሙት።

"ልጄ፣ እኔ አልቀየምም" አሉ ቀስ ብለው። "መሬቱ ሲሄድም አልሞትኩም። አንተ እንጀራህን ብላ።"

ከገሠሠ ስድብ ሁሉ ይህ የባሰ ሆነበት። አባቱ መሸነፍን እንደ ርስት ሊያወርሱት ነበር።

"አቶ ገሠሠ፣ አባቴ ቁጭ ብሎ እያየ አባት የለውም የሚል መጽሐፍ ውስጥ አልገባም። ቱሉ ዱጉማ ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ተዉኝ።"

"መተዉም ያንተ ፈንታ አይደለም" አለ ቸኮል ወረቀቱን እያጠፈ። "የምንጽፈው ስላንተ እንጂ ላንተ አይደለም።"

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ከበበው ይገባዋል፣ ቱሉ ዱጉማ አይገባውም። አንድን ሰው ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ዝነኛ ግማሹን ኢምንት ማድረግ የሚችሉ ሊቃውንት ያሏት አገር የታደለች ናት። ገሠሠ ውሳኔውን መጋዘን ድረስ መጥቶ ለቱሉ እየሣቀ ነገረው። ቱሉ ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ሰማና አለፈ።

ቅዳሜ የፋብሪካዎች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ክቡር ትሪቡኑ በባርኔጣ ሞልቷል። ሜዳው ላይ ግን የገሠሠ ልጆች ዐሥር ናቸው። ቱሉ የዘወትር ልብሱን ለብሶ ከላፍቶ ሰው ጋር ሣሩ ላይ፣ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል። ገሠሠ ማሊያውን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

"እዚህ ምን ትሠራለህ? ልበስ!"

"ማንን ነው ልበስ የሚሉት?"

"አታሹፍ፣ ከበበው! ዛሬ ካልገባህ ሰኞ መጋዘኗን አታያትም።"

ዛቻው የእውነት እንደሆነ ቱሉ ያውቃል። ደራርቱም ታውቃለች፤ ትናንት ማታ ተነጋግረውበታል።

"ሰኞ የሚያባርሩት ከበበውን ነው? ያባርሩት" አለ፤ ዙሪያው ሣቀ። "እኔን ከፈለጉ ግን በድምፅ ማጉያው ቱሉ ዱጉማ ብለው ያስጠሩ። አሁኑኑ እገባለሁ።"

ገሠሠ ወደ ባርኔጣዎቹ ዞሮ አየ። "በዚህ ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት?"

"አባቴም ትልቅ ሰው ነው። ስሙ ሲጠራ ይስማ።"

"አንተ ሰው፣ ዳኛው እጅ ያለው ስም ከበበው ነው! መጽሐፍ ውስጥ የገባው ከበበው ነው!"

"እንግዲያው አለልዎት" አለ ቱሉ፣ የአባቱን ጋቢ እያስተካከለ። "ከመጽሐፉ አውጥተው ያሰልፉት።"

ፊሽካው ተነፋ። ፋብሪካው በዐሥር ሰው ጀመረ።