ከየት በኩል ነበር የተራመድሽኝ?

ገላኔ የደራ ልጅ ናት። አዳማ የመጣች ጊዜ አንድ ሻንጣ ይዛ እኔ ግቢ ካለችው ክፍል ተከራየች፤ ይኸው እንደ ልጄ ሆና ቀረች። ኬጂ ታስተምራለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ በእኛ ጊዜ ትምህርት ማለት ቁጭ ብሎ መጮህ ነበር። እሷ ልጆቹን በእጃቸው እያሠራች ነው የምታስተምራቸው። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠው አባጨጓሬ ይሠራሉ፣ ከዚያ ክንፍ ቀጥለውለት ቢራቢሮ ያደርጉታል። እሑድ እሑድ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለን እኔ እቆርጥላታለሁ፣ እሷ ታጣብቃለች። ሳቂታ ናት። የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የልጅ ልጄ ሊዲ እሷ ዘንድ ነው የምትማረው። እናቷ ዓረብ አገር ስለሆነች እኔው ነኝ የማሳድጋት። ክረምቱን ሳንባ ምች ይዟት ስለነበር ከእኩዮቿ ሁሉ አንሳ ቀረች፤ ክንዷ የሸንበቆ ያህል ነው።

አንድ ቀን ገላኔ ስለ ማደግ ልታስተምር ሰፋፊ ካርቶን ወለሉ ላይ አነጠፈች። ልጆቹ በተራ በጀርባቸው ይተኛሉ፣ እሷ ዙሪያቸውን በከለር ታሰምራለች። ዓመቱ ሲያልቅ እዚያው መስመር ውስጥ ተኝተው ምን ያህል እንዳደጉ ያያሉ። ታዲያ ሊዲ ተኝታ ሳለ ዋፊቃ የምትባል ጓደኛዋ ሙጫ ልታመጣ ስትሮጥ በላይዋ ዘላ አለፈች።

የእኛ አገር ልጅ ይህን ያውቃል። የተኛን ልጅ የተራመደ ሰው በመጣበት ተመልሶ ካልተራመደው ልጁ አያድግም፣ ቀጭጮ ይቀራል። እኛስ በልጅነታችን ስንቴ ተደባድበንበታል! ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

«ተራመደቻት! ሊዲ ቀጨጨች!»

ገላኔ ስቃ፣ «ተዉ እንጂ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ወዲያው ደወል ተደወለና ዋፊቃ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ አልመጣችም። አባቷ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ዓለም ጤና ከተማ ገባ አሉ።

ሊዲ መብላት አቆመች።

«ብዪ እንጂ የኔ እናት።»

«ምን ያደርግልኛል? አላድግም እኮ!»

«ማን አለሽ?»

«አንቺ ራስሽ 'ልጁን አትራመዱት' እያልሽ ትቆጪ የለ?»

እውነቷን ነው። ወተት ስሰጣት መልሳ ትተፋዋለች። ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ቁመቷን ስትለካ አገኛታለሁ። ጤና ጣቢያ ብወስዳት፣ «ሕመም የለባትም፤ ግን ክብደቷ ወርዷል፣ በዚሁ ከቀጠለች ሆስፒታል መተኛቷ አይቀርም» አሉኝ። ያ ሳንባ ምች ቢመለስባትስ በምን አቅሟ ትችለዋለች? ስትተኛ ደረቷ ላይ እጄን አኑሬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ገላኔ ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «እማማ፣ ዋፊቃን እንፈልጋት» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሊዲን አዝላ ሦስታችንም ተሳፈርን። ሞጆ ላይ መኪና ቀየርን። ቆቃን ስናልፍ ልጅቷ ገላኔ ትከሻ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣጥፋ ነበር።

ዓለም ጤና የሽንኩርት መጋዘኖቹን ስንጠይቅ ውለን የዋፊቃን እናት ሑስናን አገኘናት። ነገሩን ስንነግራት በሳቅ ፈረሰች። ሊዲን ስታያት ግን ሳቋ ጠፋ።

«ዋፊቃ! ነይ ውጪ! የሰው ልጅ ምን አድርገሽ ነው የመጣሽው?»

ሊዲን ምንጣፍ ላይ አስተኛናት። ዋፊቃ መጥታ አጠገቧ ቆመች። እግሯን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

«ከየት በኩል እንደተራመድኳት ረሳሁ» አለች።

ሊዲ፣ «በተሳሳተው ከተራመድሽኝማ ሁለቴ ይሆናል!» ብላ እሪ አለች።

ሑስና «ያ ረቢ!» አለች። ሁላችንም ገላኔን አየናት።

«ከቀኝ ወደ ግራ ነው የዘለልሽው» አለች ገላኔ ፈጠን ብላ። «እኔ አይቻለሁ። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ።»

«እውነት ቲቸር?»

«አስተማሪሽ አይደለሁ?»

ዋፊቃ ቀሚሷን ሰብስባ ተራመደች። ሊዲ ዓይኗን እንደጨፈነች ትንሽ ቆየችና ተነሥታ ተቀመጠች። ሑስና ያመጣችላትን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረች ትጎርስ ጀመር።

«ቀስ በይ እንጂ» አለቻት ዋፊቃ፤ «ዛሬውኑ ልታድጊ ነው እንዴ?»

ስንመለስ ሊዲ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

«እንኳንም አየሽ ገላኔ» አልኳት። «ባታዪ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

ገላኔ ጎንበስ ብላ ልጅቷ መተኛቷን አረጋገጠችና፣ «እማማ፣ ያኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር። ምንም አላየሁም» አለችኝ።

ሊዲ ይኸው ትበላለች፣ ትሮጣለች። ገላኔም ታስተምራለች፤ ልጆቹን ግን መሬት ላይ አታስተኛቸውም፣ ግድግዳ አስደግፋ ነው የምታሰምራቸው። ሊዲ አድጋ ጫማዋ ጠቧት እንደሆነ ለማየት እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። ገላኔ ትይላት ብዬ እተውላታለሁ። እሷም ነገ ነገ ትለኛለች።