የአራተኛዋ ጣት ማረፊያ

ሙዚቃ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ፖሊሶች ሲይዙኝ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ የፒያኖ ኮንሰርቶ ኖታ ነበር። የትኛው ጣት የቱን እንደሚመታ ለማወቅ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር በእርሳስ ጽፌበታለሁ። አንድ ፈጣን መስመር ለወራት እምቢ ብሎኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ የሚያጅበኝ ኦርኬስትራ እንኳ የለም። ግን ሰው በሃምሳ ዓመቱ አንድ ሞኝነት ያስፈልገዋል።

"ይህ ቁጥር የምን መልእክት ነው?" አለ መርማሪው።

"የጣት ነው፣ ጌታዬ።"

"የማን ጣት?"

"የእኔ። አሥሩም እዚሁ ናቸው።"

ቀልዴ አልጣመውም። ወደ እስር ክፍሉ ሲመልሱኝ የቀኝ እጄ አራተኛ ጣት፣ የቀለበቷ፣ አብጣ ነበር። አላመመችኝም። ምንም አልተሰማንም፤ እሷንም እኔንም።

ክፍሉ ከፍ ያለች አንዲት መስኮት አለችው። ከሰዓት ነፋሱ ሲዞር የሐይቅና የዓሣ ሽታ ታስገባለች። ከጎኔ የሚተኙት ከደቅ ደሴት የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ በገና ደርዳሪ። ያን መስመር ጉልበቴ ላይ በጣቶቼ ስመታ አዩኝ።

"መምህር፣ ምን ትቆጥራለህ?"

ነገርኋቸው። "ይህች ጣት ሞታለች፣ የኔታ። መስመሩ ደግሞ ያለ እሷ አይሆንም።"

"ማን አለህ? በገና አሥር አውታር አለው። አሥሩንም አንመታም። አንዳንዱ የጣት ማረፊያ ነው።"

"ፒያኖ ማረፊያ የለውም።"

"እንግዲያ አብጅላት።"

የእሷን ድርሻ በሦስተኛዋ ጣት መትቼ አውራ ጣቴን ከሥሯ አሳለፍሁት። ደግሜ ሞከርሁት። ያ የወራት መስመር ጉልበቴ ላይ ሄደ። ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። ራበኝ ብቻ።

በማግስቱ መርማሪው ኖታውንና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ ቁጥሮቹ ምስጢራዊ መልእክት መሆናቸውን አምኛለሁ ይላል።

"ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ። ካልፈረምህ እዚሁ ነህ።"

እስክሪብቶ ሰጠኝ። ኖታውን ሳብሁና አራትን ሰርዤ ሦስት ጻፍሁ።

"ምን አደረግህ?"

"ስሕተት ነበረው። አሁን ልክ ነው።"

እስክሪብቶውን መለስሁለት። ወረቀቱን አልነካሁትም። ክረምቱን እዚያው ከረምሁ።

ስፈታ ኖታውን መለሱልኝ። ያ መስመር ላይ የኤግዚቢት ማኅተም አርፎበታል። ጣቷን አሁንም ምንም አይሰማትም። ተማሪዎቼ አራተኛዋን ለምን እንደምዘል ሲጠይቁኝ "የበገና ስልት ነው" እላቸዋለሁ። እስካሁን ያመነኝ የለም።